«ማንን እናምጣልዎት?»

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ ጠንቃቃ ሰው ላጫውታችሁ። አዳማ ነው የሚኖረው። መኪና መለዋወጫ ሲሸጥ ኖሮ ሱቁን ዘግቶ የተቀመጠ፣ ሚስትም ልጅም የሌለው ሰው ነው። ጥንቃቄውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። በጠራራ በጋ ሳሎኑ ውስጥ ጃንጥላ ዘርግቶ ነበር ምሳ የሚበላው፤ ጣሪያው ድንገት ቢያፈስስ ብሎ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ኋላ ትተዉታላችሁ።

ይህ ሰው ጎረቤት ይጠላል እንዳትሉ። የሚፈራው ብድሩን ነው። ዛሬ ታምሞ ከጠየቁት፣ ነገ እሱም ሊጠይቅ መሄዱ ነው። ስለዚህ በሩን አይከፍትም። አንድ ጊዜ ጉንፋን ጥሎት፣ የእድራቸው ገንዘብ ያዥ አቶ ኩምሳ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው መጥተው አንኳኩ። እሱ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ሰው የለም» አላቸው።

አቶ ኩምሳም ፔርሙሱን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ቀብርስ? ቀብር የቀረ እድርተኛ ይቀጣል፣ ታውቁታላችሁ። የኛ ሰው የዓመቱን ቅጣት መስከረም ላይ ጠቅልሎ ይከፍል ነበር። ገና ላልሞቱት! ጎረቤቶቹ በሕይወት እየተንቀሳቀሱ እሱ ከቀብራቸው ቀርቶ ጨርሷል።

ታዲያ አንድ ቀን ባሕር ማየት አማረው። ዛንዚባር ልሂድና ትንሽ ልረፍ አለ። ጠንቃቃ አይደል፣ የጉዞ ኢንሹራንስ ሊገባ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ። ውባለም የምትባል ሠራተኛ ወንበር ስባለት አስረዳችው። ዝቅተኛው ውል ሕክምናን ብቻ ይሸፍናል። መካከለኛው የሻንጣ መጥፋትንና የበረራ መሰረዝን ይጨምራል። እሱም ሞኝ አይደለም፤ «የማይሸፍነውን ንገሪኝ» አላት። ከጉዞው በፊት የነበረ በሽታ፣ ጠጥቶ መውደቅ፣ እያለች ነገረችው። እዚህ ላይ አደንቀዋለሁ። እናንተም ስትገቡ የሚሸፍነውን ብቻ ሰምታችሁ አትፈርሙ። የማይሸፍነውንም ጠይቁ።

በመጨረሻ ትልቁን ውል መረጠ። ትልቁ ውል በሽተኛው ሆስፒታል ከተኛ አንድ አስታማሚ ከአገሩ በአውሮፕላን ያስመጣል፣ ሆቴሉንም ይችላል። ይሄ ነው የኔ አለ። አስታማሚው ማን እንደሚሆን ግን አላሰበም። እሷም አልጠየቀችውም።

ዛንዚባር ላይ ከጀልባ ሲወርድ አዳለጠውና ዳሌው ተሰበረ። ኢንሹራንሱ ቃሉን ጠበቀ። አምቡላንስ መጣ፤ በመስኮቱ ባሕር የሚታይ ንጹሕ ክፍል ተሰጠው፤ ነገ ቀዶ ጥገና ነው ተባለ። የጠየቀው ሁሉ ደረሰለት። ከጎኑ ያለውን ሽማግሌ ግን ዘመዶቹ ከበውታል። አንዱ እግሩን ያሽለታል፣ አንዷ ብርቱካን ትልጥለታለች። የኛ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ነገ ባልነቃስ? ማን ያውቅልኛል?

በሆስፒታሉ ስልክ ውባለም ደወለች። «ጋሼ፣ አይዞዎት። ማንን እናምጣልዎት? ቁጥሩን ብቻ ይንገሩኝ።»

ሰው የለኝም ማለት አሳፈረው። አፉ ላይ የመጣለትን ቁጥር ነገራትና ዘጋ።

ትንሽ ቆይቶ ትራሱ ሥር ያለው የገዛ ስልኩ ጮኸ። «ሃሎ» ብሎ አነሳው።

«ጤና ይስጥልኝ፤ አንድ የታመሙ ሰው እንዲመጡላቸው…» ብላ ሳትጨርስ ድምፁን ለየችው።

«እኔው ነኝ፣ ልጄ» አላት። «ሌላ ቁጥር አላውቅም።»

ውባለም አልሳቀችም። ስልኩ ላይ የተመዘገቡትን ይፈልግ፣ እሷ ትጠብቃለች አለችው። ፈለገ። ጋራዥ አለ፣ ቧንቧ ሠሪ አለ። ሌላው «ቅጣት» ይላል። ያ አቶ ኩምሳ ናቸው። በዚህ ስም ነበር የመዘገባቸው።

ውባለም ደውላ ነገረቻቸው። ፓስፖርት እንኳ የለኝም፣ እሱን ግን አገናኙኝ አሏት።

«ምን ሆንክ አንተ?»

«ወደቅሁ።»

«አጠገብህ ማን አለ?»

እንባው ቀደመው። «ሰው የለም፣ አቶ ኩምሳ። አሁንስ እውነቴን ነው።»

አቶ ኩምሳ «አለሁ» አሉ። «ስልኩን ትራስህ ላይ አድርገውና ተኛ።»

ከሰዓቱን ሙሉ አልዘጉትም። ብዙም አላወሩ፤ አስታማሚ መች ብዙ ያወራል? አንዳንዴ ያስላሉ። አንዳንዴ በደጃቸው ባጃጅ ያልፋል። የኛ ሰው ባሕሩን ትቶ የአዳማን ባጃጅ እየሰማ እንቅልፍ ወሰደው።

ዳሌውስ ድኗል። አሁን በምርኩዝ ይሄዳል፤ ቀብር ላይ ከሁሉ ኋላ ይደርሳል። ግን ይደርሳል።

ወገኖቼ፣ ለጉዞ ስትነሡ ኢንሹራንስ ግቡ፤ አትግቡ ብዬ አልሰብክም። ግን ያቺ ልጅ ለእናንተ ብትደውል ማንን ትሏታላችሁ? ስልካችሁን አታውጡ፣ ልባችሁን ፈትሹት። የማን ስም መጣ? ማንም ያልመጣላችሁስ አላችሁ? እናንተ ላይ አልስቅም። እግዚአብሔርም አይስቅባችሁም። እናንተ ግን የማን ደጅ እንዳለፋችሁ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በዚያ በኩል ሂዱ።

የእናንተም በር ሲንኳኳ ክፈቱ። ተኝታችሁ «ሰው የለም» አትበሉ። አንድ ቀን እውነት ይሆናል።