የማይነበበው ትእዛዝ

የሆስፒታል አንሶላ በማጠብ የምትተዳደር አንዲት ሴት ነርስ ለመሆን ቆረጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓቷ እያጠናች የነርሲንግ ትምህርት ቤቱን የጽሑፍ መግቢያ ፈተና አለፈች። የቀራት የቃል ፈተናው ብቻ ነበር፤ እሱን ከወደቀች ወደ ማጠቢያ ገንዳዋ መመለሷ ነው።

ፈታኙ ዶክተር አጥናፍሰገድ ደግሞ ተሳስተዋል ያላቸውን ሰው ዕድሜ ልካቸውን የማይረሱ ኩሩ ሰው ነበሩ። እጇ በሳሙና መላላጡን አዩና ፈገግ አሉ።

«እስቲ ንገሪኝ፤ እኔ ለበሽተኛ ያዘዝኩት መድኃኒት መጠኑ ከልክ በላይ በዝቶ አገኘሽው እንበል። ትሰጪዋለሽ ወይስ አትሰጪውም?»

ሴትዮዋ ነገሩ ወጥመድ መሆኑ ገባት። እሰጣለሁ ብትል በሽተኛውን ገደለች፤ አልሰጥም ብትል ዶክተሩን ደፈረች። አብረው የሚፈትኑት ሁለት መምህራን አዘኑላትና አንገታቸውን ደፉ።

«የማዘዣ ወረቀቱን ይዤ ወደ እርስዎ እመጣለሁ» አለች። «'ዶክተር፣ ጽሕፈትዎን ማንበብ ስላቃተኝ እባክዎ እንደገና ይጻፉልኝ' እላለሁ።»

የሐኪም ጽሕፈት ሲያስቸግራቸው የኖሩት መምህራን ሳቃቸው አመለጣቸው። ዶክተሩ ግን በዋዛ የሚለቁ አልሆኑም።

«ያንኑ መልሼ ብጽፈውስ?»

«እርስዎ አስተካክለው እስኪጽፉ ድረስማ፣ ዶክተር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም!»

ዶክተር አጥናፍሰገድ ሊቆጡ ተነሡ፤ ነገር ግን ሳቅ ቀደማቸውና በዚያው ዓመት ወደ ትምህርት ቤቱ አስገቧት።