ድንቄ ከሐይቁ ያመጣችው ቃል

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የመሰረት» በሉኝ።

በድሮ ጊዜ በአንድ ደሴት ላይ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። «ስህተት» የሚል ቃል ነበራቸው፤ «ሸፍጥ» የሚል ግን አልነበራቸውም። ሰው ሰውን አውቆ ይጎዳል ብለው አስበው አያውቁም።

አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋ፤ ረሃብ ገባ። ያን ጊዜ አንድ ግዙፍ ሰው በገመድ በታሰረ የደንገል ሸምበቆ ታንኳ መጣ። «ማዶ እህል ሞልቷል፤ ላሻግራችሁ» አለ።

መጀመሪያ ሸማኔውን ወሰደ። ብቻውን እያለቀሰ ተመለሰ። «ማዕበል ነጠቀኝ» አለ። ሰዎቹም «አይዞህ፣ ተሳስተህ ነው» ብለው አጽናኑት።

ቀጥሎ ሁለት እህትማማቾችን ወሰደ። አሁንም ብቻውን ተመለሰ። «አዞ ነጠቀኝ» አለ። «አይዞህ» አሉት፤ ከቀረቻቸው ቆሎም ዘገኑለት።

ሦስተኛ የድንቄን ባል ጀንበሬን ወሰደ። ሲመለስ «ታንኳው ተገልብጦ እኔ በዋና ወጣሁ» አለ። ድንቄ ልብሱን ነካችው። ደረቅ ነው።

ሐይቁ ዳር ተቀምጣ ስታለቅስ አንድ ያረጀ ጉማሬ ራሱን ከውሃው አወጣ።

«ባልሽን ውሃ አልበላውም» አላት። «ያ ሰው ጭራቅ ነው። ሁሉንም እሱ በላቸው።»

«ተሳስቶ ነው?»

«አይደለም። አስቦበት ነው፤ እንባውም የውሸት ነው። ይህ ሸፍጥ ይባላል።»

ድንቄ ቃሉን ደገመችው። አፏ ላይ መረራት።

«ጭራቁ ዋና አያውቅም» አላት ጉማሬው። «ቃሉን ካወቅሽው ወዲያ ደግሞ ልታደርጊውም ትችያለሽ።»

ድንቄ ወደ ጭራቁ ሄደች። «ጌታዬ፣ ስለ እኛ ብዙ ደከሙ። ታንኳዎ ላልቷል፤ ላጥብቅልዎት። ከዚያ እኔን ያሻግሩኝ» አለችው። ጭራቁ ደስ አለው። እሷም ገመዱን ፈትታ በጭድ ጉንጉን አሰረችው።

አብረው ተሳፈሩ። ሐይቁ መሃል ሲደርሱ ጭዱ ረጥቦ ተበጠሰ፤ ደንገሉ ተበተነ። ጭራቁ እየሰመጠ «ድንቄ፣ ተሳሳትሽ እንዴ?» አላት።

«አልተሳሳትሁም» አለችው።

ውሃው ዋጠው። እሷን ጉማሬው በጀርባው አዝሎ አወጣት።

ሰዎቹ ከበቧት። «አይዞሽ፣ ተሳስተሽ ነው» አሏት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። እሷ ግን ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቃሉንም አስተማረቻቸው።

ዝናቡ በኋላ መጣ። የተበሉት አልመጡም። የደሴቲቱ ሰዎች ከዚያ ቀን ጀምረው በራቸውን መቀርቀር ለመዱ። ድንቄን እስክትሞት አመሰገኗት፤ ልጆቻቸውን ግን ለእሷ ትተው የሚሄዱ አልነበሩም።

ልጆቼ፣ ክፋትን በስሙ ካልጠሩት «ስህተት ነኝ» እያለ ይመላለሳል። ስሙን የሚያውቅም ራሱን ይጠብቅ።

ተረቴን ጨረስሁ፤ ጉሮሮዬን አራስሁ።