ገብስማዋ ዶሮና ተራ ጠባቂዎቹ አምፖሎች

ልጆች፣ ተጠጉና ስሙኝ። ይህን ከሰማሁ ብዙ ዘመን ስለሆነኝ ጫጩቶቹ ዘጠኝ ይሁኑ ዐሥር አፌን ሞልቼ አልናገርም። ስሕተት ካለ የእኔ እርጅና ነው እንጂ የተረቱ አይደለም።

ዶሮና አምፖል በሚነጋገሩበት ዘመን አቶ ደምለው የሚባሉ የውሃ አባት ነበሩ። የወንዙን ውሃ ለገበሬው የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። ከዋናው ቦይ ለእያንዳንዱ ማሳ የየራሱን አፍ ይከፍታሉ። አንዱ አፉን ቢዘጋ የሌላው ውሃ አይቋረጥም። ለዚህም አገሩ ሁሉ ያመሰግናቸዋል።

ቤታቸው መብራት ሲገባ ግን ሽቦውን ራሳቸው ዘረጉት። ሽቦ ለመቆጠብ ብለው ከቆጣሪው አንድ መስመር አወጡ። በሳሎኑ አምፖል አሳልፈው ወደ ማድቤቱ፣ በማድቤቱ አምፖል አሳልፈው ወደ ዶሮ ቤቱ ወሰዱት፤ ከዚያ ወደ ቆጣሪው መለሱት። ሦስቱ አምፖሎች አንድ ዓይነት ነበሩ። የአንዱን ጉልበት ለሦስት ስለ ተካፈሉት ሦስቱም እንደ በሽተኛ ዓይን ደበዘዙ።

በዶሮ ቤቱ አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረች። ጭልፊት ክንፏን ስለ ሰበረው ልጆቿን ማቀፍ አትችልም። የሚያሞቃቸው ያ ደብዛዛ አምፖል ብቻ ነው።

ነሐሴ ነው። ዝናቡ አላባራ ብሏል። አንድ ቀን ጠዋት አቶ ደምለው ወደ ቦዩ ሲወጡ የሳሎኑን መብራት ቀጭ አደረጉት። የዶሮ ቤቱም አብሮ ጠፋ።

«እማ፣ በረደን!» አሉ ጫጩቶቹ።

ዶሮዋ ወደ ሳሎኑ አምፖል ሮጠች።

«ጌታው፣ ልጆቼ ሊያልቁብኝ ነው፤ ንቃልኝ!»

«አንቺ ጭረሽ አዳሪ! የምትጠጡት ሁሉ የሚያልፈው በእኔ ጉሮሮ ነው። እኔ ስተኛ ሁሉም ይተኛል።»

«አንተ ተንጠልጥለህ አዳሪ! አንተ እንድትተኛ ልጆቼ ይሙቱ?»

ወደ ማድቤቷ አምፖል ሮጠች።

«እቴ፣ አንቺስ?»

«እኔማ ምን ላድርግ እህቴ? እዚህም ሽንኩርት የሚከተፈው በዳበሳ ነው።»

ወደ ሽቦው ሮጠች።

«አንተ ረጅሙ! እሳት ይዘህ እየመጣህ ለምን ትነፍገናለህ?»

«እንደ ዘረጉኝ ነው የምሄደው» አለ ሽቦው። «አንድ ቦታ ከተቋረጥሁ ሁሉም ቦታ ተቋረጥሁ። የዘረጋኝን ጠይቂው።»

ስትመለስ አንዱ ጫጩት ደርቆ ጠበቃት። አላለቀሰችም፤ ተቆጣች። በመንቁሯ አንሥታ ወስዳ የሳሎኑ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። አቶ ደምለው ከነጭቃቸው ሲመጡ መንገድ ዘጋችባቸው።

«ጌታዬ፣ የላይኛው ማሳ ሲዘጋ የታችኛው ይደርቃል?»

«ኧረ እንዴት ተብሎ! ለእያንዳንዱ አፍ ከፍቼለት!»

«ታዲያ ለጎመን የፈረዱትን ፍርድ ለልጄ ለምን ነፈጉት?»

አቶ ደምለው ጫጩቱን አዩ፤ ሽቦውን አዩ። አፈሩ። ወዲያው ዋናውን ማጥፊያ ዘግተው ሽቦውን ነቀሉ። ከቆጣሪው ሁለት ዋና ሽቦ፣ አንድ መምጫ አንድ መመለሻ፣ እንደ ቦይ ዘረጉ። ለየአምፖሉ ከመምጫው አንድ ቅርንጫፍ፣ ከመመለሻው አንድ ቅርንጫፍ፣ የራሱንም ማጥፊያ ሰጡት። ሲከፍቱት ሦስቱም ቦግ አሉ! የሳሎኑን አጠፉት፤ የዶሮ ቤቱ ንቅንቅ አላለም።

«እንግዲህ እኔን ማን ያከብረኛል?» አለ የሳሎኑ አምፖል።

«ክብርህን እንደ ሽንኩርት ላጠው፤ አሁን ይታይሃል» አለችው የማድቤቷ።

«እንዲህ ከሆነማ ምድጃውም፣ ካውያውም፣ ያለው ሁሉ ይጨመር!» አሉ አቶ ደምለው።

ቆጣሪው ሥር ያለው ፊውዝ ግን «ቀስ!» አለ። «የሁላችሁ ጥማት ተደምሮ የሚያልፈው በእኔ በር ነው። ልክ ካለፈ ተቃጥዬ እዘጋባችኋለሁ።»

ልጆች፣ ይህን ያዙልኝ፤ ለየራሱ አፍ ካልተከፈተለት፣ የአንዱ እንቅልፍ ለሌላው ሞት።

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት የጥቅምት ሚካኤል ዕለት ነው። ጫጩቶቹ ላባ አውጥተው ቆጥ ላይ መስፈር ጀምረው ነበር አሉ። ለሞተው ልጇ የተወችውን አንዱን ቦታ ግን እናትየው ማንንም አላስነካችም።