ለቅሶ ደራሹ ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል፣ በአንድ ተራራ ወገብ ላይ አህዮች ይኖሩ ነበር። ውሃ የሚጠጡት ታች ሸለቆው ውስጥ ካለው ወንዝ ነው። መንገዱ በጥሻ መሃል ያልፋል፤ ጥሻው ውስጥ ደግሞ አያ ጅቦ አለ። በየቅዳሜው ከሰልፉ መጨረሻ ያለውን ይበላል። በልማዳቸው ከመጨረሻ የሚሰለፈው ገና ጡት የጣለ ውርንጭላ ነው።

ታዲያ መንገድ ቀየሩ? የት አባታቸው! እድር አቋቋሙ። ድንኳን አላቸው፤ ጡሩንባ ነፊ አላቸው። አያ ጅቦ ራሱ አፉን ጠራርጎ ለቅሶ ይደርሳል፤ ከፊት ያስቀምጡታል። ንፍሮ ሲያቀርቡለት ጠግቤያለሁ ይላል። ምን በልተህ ብሎ የጠየቀው የለም።

ዳልቺት የምትባል አህያ በዚያ መንገድ ሁለት ልጆቿን አጥታለች። አሁን የቀረቻት አንዲቷ ጡት ጣለች፤ ቅዳሜ ተራዋ ነው። ዳልቺት እንቅልፍ አጥታ ስትዞር ከመንደሩ በላይ፣ ገላጣ ሜዳ ላይ፣ ምንጭ አገኘች። ጅብ የሚደበቅበት ቁጥቋጦ እንኳ የለውም። ሮጣ ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ጫንያለው ነገረችው።

እሱም መጀመሪያ ዳገት ነው አለ። ቀጥሎ ውሃው ይቀዘቅዛል አለ። በመጨረሻ ቆጣ ብሎ፣ «የወንዙን መንገድ እናውቀዋለን፤ ጅቡንም እናውቀዋለን። እዚያ ላይ ምን እንዳለ ማን ያውቃል?» አላት።

«እኔ አውቃለሁ ጋሼ። ጠጥቼ ነው የመጣሁት፤ ይኸው ቆሜያለሁ» አለችው። አልሰማትም።

ወሬው አያ ጅቦ ዘንድ ሲደርስ፣ ጅል ነውና ምንጩን ሊደፍን ተነሣ። ቀበሮ ግን፣ «ምን አለፋህ? ባለፈው ቅዳሜ የበላኸው ሰልስት ላይ ሂድና መንገዳቸውን አመስግንላቸው፤ የቀረውን ራሳቸው ይጨርሱልሃል» አለችው። ሄደ። የአባቶቻችሁን መንገድ እንዳትተዉ ብሎ እንባውን ጠረገ። አህዮቹም አብረውት አለቀሱ።

ቅዳሜ ዳልቺት ልጇን ይዛ ወደ ላይ ወጣች። ሌሎቹ እየሳቁባት ወደ ታች ወረዱ። ልጇ ስለቀረች ከሰልፉ መጨረሻ የዋለው የጋሽ ጫንያለው የልጅ ልጅ ነበር። ጅቡ የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቀም።

ከሰዓት በኋላ ድንኳን ተተከለ። ዳልቺትም ከነልጇ፣ ከንፈራቸው ገና ሳይደርቅ፣ ለቅሶ ደረሰች። ጋሽ ጫንያለው ውርንጭላዋን አየ፤ ከፊት የተቀመጠውን ጅብም አየ። አሁንስ ገባው ስትሉ፣ ተነሥቶ ዳልቺት ከሰልፍ በመቅረቷ ከእድሩ ተሰርዛለች ብሎ አወጀ።

«ይሰርዙኝ ጋሼ፤ እኔ የፈለግሁት ውሃ እንጂ ቀባሪ አይደለም» አለችና ልጇን አስከትላ ወጣች።

በሚቀጥለው ቅዳሜም አህዮቹ ተሰልፈው ወደ ጥሻው ወረዱ። ድንኳኑ ጠቧቸዋልና ሰፋ ያለ ለማሰፋት ተስማምተዋል።

ከዚህ የምንማረው የለመድነው መንገድ ልጆቻችንን እየበላ የማንለቀው መንገዱ ደግ ሆኖ ሳይሆን፣ አዲሱን ከጅቡ አብልጠን ስለምንፈራ መሆኑን ነው።