ድስት የጣሉት አሥር አለቃ

በእኛ መንደር ሰው ስለ ሰው ቸኩሎ ሲፈርድ ሽማግሌዎች የሚመልሱለት አንዲት አባባል አለች። ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኔ ግን የተነገረች ዕለት እዚያው ድንኳን ውስጥ ነበርኩ፤ የአሥር አለቃ ይርዳው ዘገየ ሠልስት ነበር።

አሥር አለቃ ይርዳው በምሥራቅ ጦር ግንባር የሠራዊቱ ወጥ ሠሪ ነበሩ። ሲመለሱ “ድስቱን ጥሎ የሸሸ” የሚል ወሬ ቀድሟቸው መንደር ገባ። ሠርግ ላይ ሳይቀር “አሥር አለቃ፣ ድስቱስ?” እያሉ ይስቁባቸዋል። እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለ አንድ ቀን ቢጨንቃቸው፣

“እውነት ጥለኸዋል?” አሏቸው።

“መጣሉንስ ጥዬዋለሁ” ብለው ወደ ማሳቸው ወረዱ። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ ነገሩ አልተነሳም።

በሠልስቱ ወይዘሮ አስካለ፣ “በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኩ አልተነበበም፤ ዛሬ እንኳ ይነበብለት” ብለው ለመኑ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ከልካይ ፊታቸውን አኮሳተሩ። “ምኑ ይነበባል እቴ? ድስት መጣሉ?”

አንዳንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ወይዘሮ አስካለ አንገታቸውን ደፉ።

ይኼኔ ያን ዕለት ጠዋት ከአርሲ የገባ አንድ እግሩ የተቆረጠ ሰው በምርኩዙ ተደግፎ ተነሳ።

“ሁንዴ ቶላ እባላለሁ። መሞቱን በሬዲዮ ሰምቼ ነው የመጣሁት። ጦራችን ሲያፈገፍግ እግሬን ተመትቼ መንገድ ላይ ወድቄ ነበር። ሁሉም አለፈኝ። አልፈርድባቸውም፣ ነፍስ ነው። ይርዳው ያንን ትልቅ የብረት ድስት ተሸክሞ ከኋላ ደረሰ። እኔን አየኝ፤ ድስቱን አሽቀነጠረና አዘለኝ። ‘ተወኝ፣ ሁለታችንም ማለቃችን ነው’ ስለው፣ ‘ዝም በል፣ አንተ ከድስቱ ትቀላለህ’ አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አዝሎኝ ሄደ። እኔ ሆስፒታል ገባሁ፤ እሱን አለቆቹ ‘ድስቱን የት ጣልክ?’ ብለው በጓደኞቹ ፊት አዋረዱት።”

“ታዲያ ለምን አልተናገረም?” አሉ አቶ ከልካይ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

“እኔም ሆስፒታል ሊያየኝ ሲመጣ ጠይቄው ነበር። ‘ብናገር፣ ቁስለኛ ጥለው ያለፉት ይጠየቃሉ’ አለኝ። የዚህ መንደር ልጆችም ነበሩባቸው። ስማቸውን እሱ አልጠራም፤ እኔም አልጠራም።”

ከአሥር አለቃ ይርዳው እኩዮች መሐል ሁለቱ ዓይናቸውን ከመሬት አልነቀሉም። ወይዘሮ አስካለ “ይርዳዬ!” ብለው እንደ አዲስ ሲያለቅሱ፣ አቶ ከልካይ ባርኔጣቸውን አውልቀው እግራቸው ላይ ወደቁ።

ሁላችንም የመንደሩን ታላቅ ሼህ ይመርን አየን። ሼሁ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው፣ “ልጆቼ፣” አሉ፣ “ያዘለ ዝም ቢል፣ የታዘለ ይናገራል።”