ዝርዝሩ ላይ ያልነበሩት አሮጊት

አንድ ሰው ነበረ፣ ካናዳ አገር፣ ስንዴ በሚዘራበት ሜዳ። የገበሬ ልጅ ነው፤ ትራክተር ሲጠግን አደገ። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው የወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ ለፓርላማ አጨው። በበረዶው ወራት ቤት ለቤት እየዞረ፣ በር እያንኳኳ፣ "ምረጡኝ" አለ። ሌላ ሕልም አልነበረውም።

እዚያ አገር ልማድ አለ። ፓርቲው የደጋፊዎቹን ስም በዝርዝር ይይዝና በምርጫው ቀን መንገድ የከበደውን በመኪና ያደርሳል። የራሱን ሰው እንጂ የባላንጣውን አይደለም።

ያን ቀን በረዶው መንገድ ዘጋ። ሰውዬው ራሱ ደጋፊዎቹን ሊጭን ሲነዳ፣ ወይዘሮ ፓራስካ የሚባሉ አሮጊት ሊመርጡ ለመውጣት አካፋ ይዘው ከደጃቸው በረዶ ሲዝቁ አያቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ባላንጣውን ፓርቲ የመረጡ ናቸው። ቆመ።

"ይግቡ፣ እማማ።"

"አንተን እንደማልመርጥህ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ፈልገህ ነው?"

"ምንም። ብርድ ነው፣ ይግቡ።"

ገቡ። ምርጫ ጣቢያው እስኪደርሱ ድረስ ፓርቲውን ሲሰድቡበት ሄዱ።

ድምፁ ሲቆጠር በአንድ ድምፅ ተሸነፈ። በአንድ፣ ወገኖቼ።

ዘመቻውን የሚመራለት ኖርማን አበደ። "እሷን ባትጭን እኩል ነበራችሁ። በዚያ ሰዓት አንድ የኛን ሰው ብታመጣ ደግሞ አሸንፈህ ነበር።"

"አሮጊት በበረዶ ውስጥ ጥዬ ልለፍ?" አለ ሰውዬው። ወደ ትራክተሩም ተመለሰ።

ሳያውቅ ነው ያደረገው ትሉኛላችሁ። እሺ። ከአራት ዓመት በኋላ እንደገና ተወዳደረ። የምርጫው ቀን ደግሞ በረዶ። አሁን ዋጋውን ያውቀዋል፤ ከፍሎታል። ኖርማን የመኪናውን ቁልፍ ሲሰጠው፣ "በዚያች ሴትዮ በኩል እንዳታልፍ" አለው።

ቁልፉን ተቀብሎ ቀጥ ብሎ ወደ ወይዘሮ ፓራስካ ቤት ነዳ።

"ዘንድሮም አልመርጥህም" አሉት ገና ሳይቀመጡ።

"ቀበቶዎን ይሰሩ፣ እማማ።"

ያን ጊዜ አሸነፈ፤ ፓርላማም ገባ። ግን ቢሸነፍስ? መኪናውን ሲያቆም መች አወቀ? እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። አንድ ጊዜ የጎዳውን መንገድ፣ ዓይኑ እያየ፣ ደግሞ ሄደበት።

እናንተስ? ለቅሶ የምትደርሱት ለማን ነው? ለደረሰላችሁ። የታመመ የምትጠይቁት ማንን ነው? የጠየቃችሁን። ጌታ ዝናቡን እንዲህ መርጦ ቢያዘንብ ኖሮ የማናችን ማሳ ይበቅል ነበር?

ስማችሁን የምታጠፋ ጎረቤት አለቻችሁ። አውቃለሁ፣ እኔም አለችኝ። ነገ ልጇ ሲታመም ሐኪም ቤት የሚያደርስላት ታጣለች። አንድ ጊዜ ረድታችኋት ሰድባችኋለች። ነገ ደጃፏ ላይ ቆማ ስታዩአት፣ ትቆማላችሁ ወይስ ታልፋላችሁ?