የአራተኛው ሰሌዳ ተጫዋች

አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ቼዝ ይወዳል። ሲበዛ ይወዳል፤ ችሎታው ግን የፍቅሩን ያህል አልነበረም።

የከተማው ክለብ በሊጉ የሚሰለፈው በአራት ሰው ነው። ብርቱው በአንደኛው ሰሌዳ፣ ደካማው በአራተኛው ይቀመጣል። የእኛ ሰው አራተኛው ላይ ነበር። በዚያ ዓመት ስድስት ጊዜ ተጫወተ። ስድስቱንም ተሸነፈ።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ክለቡ ሁለት ነጥብ ካገኘ በአንደኛ ዲቪዚዮን ይቆያል፤ ካላገኘ ይወርዳል። ማሸነፍ አንድ ነጥብ ነው፤ አቻ ግማሽ። አንዱ ተጫዋች አሸነፈ፣ አንዷ ተሸነፈች። በአንደኛው ሰሌዳ ካፒቴኑ ጋሽ ዘለቀ አቻ ወጡ። አንድ ተኩል ሆነ። የቀረው ግማሽ በማን እጅ ነው? በቧንቧ ሠራተኛው እጅ!

እሱ ግን ስለ ክለቡ መች አሰበ? የተጋጣሚውን ንጉሥ ጥግ አስይዞታል። እንዲህ ያለ ጨዋታ በዕድሜው ገጥሞት አያውቅም።

ተጋጣሚው ትርሲት ቀና አለች። «አቻ ይሁን፣ ወንድሜ?»

ጋሽ ዘለቀ ከኋላው ቆመዋል። በሊጉ ደንብ ካፒቴን ስለ ጨዋታው ትንፍሽ አይልም፤ «ተቀበል» ወይም «አትቀበል» ማለት ብቻ ይፈቀድለታል።

«ተቀበል» አሉ።

«ጋሼ፣ እያሸነፍኩ እኮ ነው!»

«ተቀበል።»

ፊቱ ጠቆረ። እሳቸው ምን ቸገራቸው? ዓመቱን ሙሉ ሲያሸንፉ የከረሙ ሰው! ሰዓቱ እየቆጠረበት ብድግ አለና ወደ አንደኛው ሰሌዳ ሄደ። ዓመቱን ሙሉ ከራሱ ሰሌዳ ዓይኑን ነቅሎ አያውቅም ነበር።

ጠጠሮቹ እንደ ቆሙ ናቸው። ቆጠራቸው። ደግሞ ቆጠራቸው። ጋሽ ዘለቀ በአንድ ፈረስና በሁለት ወታደር ይበልጡ ነበር! የቀራቸው ጊዜ ግን ሁለት ደቂቃ። ቢደፍሩና ቢያሸንፉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ዋንጫ የእሳቸው ነው። ቢደፍሩና ቢሳሳቱስ? ያን ጊዜ አራተኛው ሰሌዳ የግድ ማሸነፍ አለበት። ዋንጫውን ተዉት። የእሱን ሸክም በግማሽ አቀለሉለት። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ደግሞ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ሰውየው ተመለሰ፤ እጁን ዘረጋ። «አቻ ይሁን፣ እህቴ።»

ትርሲት ሳቀች። «ተርፌያለሁ! በሦስት እርምጃ ልታሸንፈኝ ነበር እኮ።»

ወደ ጋሽ ዘለቀ ዞረ። «አይተውት ነበር?»

«አይቼው ነበር» አሉ። «ጨዋታውን አውቀዋለሁ። አንተን ደግሞ አውቅሃለሁ።»

ከሁሉም ጮክ ብሎ የሳቀው እሱ ራሱ ነበር።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? በየሰሌዳችሁ ላይ አቀርቅራችሁ የለም? «የእኔ ድል፣ የእኔ ተራ» ትላላችሁ። የአንድ አካል ብልቶች ነን ብለን የምንዘምረው እኛው አይደለንም? «ተቀበል» ሲሏችሁ ግን ታኮርፋላችሁ። «ተቀበል» ያላችሁ ሰው ምን ትቶ እንደ መጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

አንተ ትምህርትህን ስትጨርስ ትምህርቷን ያቋረጠች እህት የለችህም? አንቺ እንድታርፊ ሳያርፍ የኖረ የለም? አልነገሩንም። እኛም ተነሥተን አላየንም።

ለእናንተ ሲል ሳያሸንፍ የቀረ ሰው አለ። ስሙን አሁን አስታወሳችሁት። ዛሬውኑ ሂዱና አመስግኑት።